ሰባት ቤት ይዤ ናታንያ

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። እዚህ አገር የተሰጠኝ መታወቂያ ሠላሳ አራት ነበርሽ ይለኛል፤ እሱን ተዉት፣ የጻፈችው የመሥሪያ ቤት ሴት ናት እንጂ እናቴ አይደለችም። እናቴ እኔን የወለደችው ጤፍ ሲታጨድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ አጨዳ አልፏል ብዬ ነው የቆጠርኩት። መቁጠር ደግሞ የኛ ቤት ሥራ ነው፤ ይህን እስከ መጨረሻው ያነበበ ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

ጎንደር ተከራይተን፣ ወደ አይሁድ አገር ለመሄድ ተራችንን ከምንጠብቅበት ቤት «ነገ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ አለላችሁ» ተባልን። የምንሄደው እኔና ስንዱ ብቻ ነን። ስንዱ የሟች እህቴ የዘነበች ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፣ እኔ የወለድኩት የለኝም። አባቴ አለሙ እሱም ስሙ ወጥቶለት ነበር፤ ሚስቱ ባንቻየሁ ግን አልወጣላትም። ባንቻየሁ እናቴ ከሞተች በኋላ ያገባት ናት፣ ሁለት ልጆች ወልዳለታለች። «የሷ ወረቀት ሲያልቅ አንድ ላይ እንመጣለን» አለ። ሲያልቅ! እናንተ ጎንደር ያላችሁ፣ ይህችን «ሲያልቅ» የምትባለውን ቃል ከኔ በላይ ታውቋታላችሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሻንጣዬን ስሸክፍ ነበር፤ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የዘነበችን ነጠላ። አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ቆየና፣

«ተይው እሱን። ነይ ቁጭ በይና ቁጠሪ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሰባቱን ነዋ።»

«አባዬ፣ ሻንጣው አልተዘጋም እኮ።»

«ሻንጣ እዚያም አይጠፋም።»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በኛ ዘንድ ወንድና ሴት ሊጋቡ ሲሉ ሽማግሎች ይቀመጡና የሁለቱንም ዘር ወደ ላይ ይቆጥራሉ። በናትም ባባትም ሰባት ቤት ሳይሞላ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ሠርግ የለም፤ እህትና ወንድም ናቸው ይባላል፣ አለቀ። ሰባት ሞልቶ ካልተገናኙ ግን «ጠርቷል» ይባልና እልልታው ይቀልጣል። አባቴ የአገሩ ቆጣሪ ነበር። ከወገራ ዳር ድረስ ሰው እየመጣ «አያ አለሙ፣ እስቲ ልጆቹን እይልኝ» ይለው ነበር። በወጣትነቱ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ያስተማረው እኔን ነው።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። «እኔን አለሙ፣ አለሙን ገብሩ፣ ገብሩን ተሰማ፣ ተሰማን ብሩ፣ ብሩን እንጉዳይ...»

«እዚያ ላይ ቁሚ» አለኝ። «እንጉዳይ ስንት ባል አገባች?»

«ሁለት።»

«ሁለተኛው ቤት ማን ተባለች?»

«አድና።»

ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ አዲስ ስም ይወጣላት የለ? እንጉዳይ ብሩን ከወለደች በኋላ ባሏ ሞተ። ልጁን ለአያቶቹ ሰጥተው እሷን ከስሜን ተራራ ማዶ፣ ጠለምት ዳሯት። እዚያ አማቷ አድና አለቻት። የብሩ ዘሮች እንጉዳይ እንላታለን፣ ጠለምት ያሉት አድና ይሏታል። አንድ ሴት መሆኗን ግን ከአባቴና ከኔ በቀር የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም።

«ይህችን እንዳትረሺ» አለኝ። «እዚያ የወገራውም የጠለምቱም አንድ ፎቅ ላይ ነው አሉ የሚኖረው። አንቺ ካልያዝሽው ማን ይይዘዋል?»

ስንዱ በር ላይ ተቀምጣ ስትሰማ ነበር። «አያዬ፣ እኔም ልቁጠር?» አለችው።

«አንቺን እዚያ አክስትሽ ታስቆጥርሻለች።»

አላስቆጠርኳትም። ይህንን አስቀድሜ ልናዘዝ። መጀመሪያ ቋንቋ ትልመድ አልኩ፣ ከዚያ ፈተና አላት አልኩ፣ ከዚያ አደገች።

በማግስቱ አውቶቡሱ ሲነሳ አባቴ አላለቀሰም። በያዘው ዘንግ የአውቶቡሱን ጎን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው፣ ከብት ወደ ግጦሽ እንደሚሸኝ። እስካሁን አውቶቡስ በተሳፈርኩ ቁጥር ያቺን ድምፅ እጠብቃለሁ።

የአውሮፕላኑን ነገር ሌሎች ብዙ ጽፈውታል፤ እኔ ስንዱ ስታስመልስ የሷን ራስ ይዤ ስለነበር ደመናም አላየሁ። ደርሰን መርካዝ ክሊጣ የሚሉት የመጤዎች ማረፊያ አስገቡን፤ መጀመሪያ የገባሁት ፕኪዳ ዘንድ ነው፣ ጸሐፊ ማለት ነው። ማስቲካ እያኘከች ትጽፋለች። አስተርጓሚው የኛ ልጅ ነው፣ ገና ጺም አላበቀለም።

«የቤተሰብ ስም ትልሻለች» አለኝ።

ደስ አለኝ እኮ! ደግ አገር ነው፣ ገና ሳልቀመጥ ዘሬን ጠየቁኝ አልኩ። ቀና ብዬ ተቀምጬ ጀመርኩ። «አለሙ፣ ገብሩ፣ ተሰማ፣ ብሩ፣ እንጉዳይ፣ ዋሴ፣ ደስታ።»

ሴትዮዋ ከሁለተኛው በኋላ እጇን አነሳች።

«እትዬ፣ አንድ ብቻ ነው የምትፈልገው» አለኝ ልጁ።

«አንዱ ብቻውን ምን ያደርግላታል?»

«ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው አንድ ቦታ ነው።»

«ታዲያ ስድስቱ የት ይሁኑ? ጠይቅልኝ።»

ጠየቃት። ሳቀችና አንድ ነገር አለች። «ምን አለች?» ብለው መሬት መሬት ያያል። ስጎተጉተው፣ «እነሱ አልመጡ ነው የምትልሽ» አለኝ።

«ሞተው ነው እንጂ ይመጡ ነበር በላት» አልኩት። አስተርጉሞላት እንደሆነ አላውቅም። ገብሩን ጻፈችና ሰባቱ አያቶቼ አንድ ሆነው ወጡ። የልደት ቀኔንም «ጤፍ ሲታጨድ» ብላት የፈረንጆቹን ዓመት የመጀመሪያ ቀን ጻፈችልኝ። በዚያ ቀን የተወለደ ሰው በኛ ማረፊያ ብቻ መዓት ነው፤ መንደሩ ሁሉ መንታ ሆነ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ናታንያ ከተማ፣ ኪርያት ኖርዳው የሚሉት ሰፈር ቤት አገኘን። ሦስተኛ ፎቅ፣ ግድግዳው የሚላላጥ፣ ደረጃው ላይ የሩሲያም የማሮኮም የጎንደርም ወጥ የሚሸት። አከራዩ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ጣቱን ቀሰረብኝ።

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት።»

«አውቃችኋለሁ እኮ። ሁለት ነን ትሉና በሳምንቱ ሃያ ትሆናላችሁ። አጎት ይመጣል፣ የአጎት ልጅ ይመጣል።»

ያኔ ዕብራይስጤ ጎዶሎ ነው፤ ግን ይህን መመለስ አላቃተኝም። «ጌታዬ፣ ቢመጡልኝማ ሃያውንም ደረጃው ላይ አስተኛቸው ነበር» አልኩት። ምን እንደሆነ እንጃ፣ ቁልፉን ሰጠኝና ወረደ።

ስለ ናታንያ ምን ልንገራችሁ? ባሕሩ ሰፊ ነው፣ ግን አይጠጣም። ዝናቡ ሲመጣ ሳያስጠነቅቅ ነው፣ እንደኛ አገር ክረምት ከሩቅ እያጉረመረመ ልብስ አስገቡ አይልም። በጋው ገላ ላይ ይጣበቃል። ቲማቲሙ ቀልቶ ያምራል፣ ሽታ የለውም። ጎረቤት ሲያገኝሽ «ምን አዲስ?» ይልና መልሱን ሳይሰማ ያልፋል፤ እኔ መጀመሪያ ሰሞን አዲሱን ልነግር እየተከተልኩ አንድ ሰውዬ መኪናው ድረስ ሸኝቻለሁ። ያ ዘመን ደግሞ ቦምብ እየፈነዳ አውቶቡስ መሳፈር የሚያስፈራበት ነበር፤ ጣቢያው በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። አንድ ቀን ፈታሹ የበርበሬ ከረጢቴን ከፍቶ አፍንጫውን አስገባ። ምስኪን፣ እኔ ተሳፍሬ ስሄድም ሲያስነጥስ እሰማው ነበር።

ወደ ይሁዲነት የመመለሻ ትምህርት የምንማረውም በዚያ ሰሞን ነው። መምህራችን ወጣት ራቢ ነበር፣ ትዕግሥተኛ። እኛ የማንጠይቀው የለም፤ እሱ «አሱር» ይላል፣ ክልክል ነው፤ ወይም «ሙታር» ይላል፣ ይቻላል። ደስ ይለኝ ነበር፣ ዓለም ሁለት ክፍል ያለው ቤት መሰለኝ። አንድ ቀን እጄን አወጣሁ። «እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ሕጉ ምን ይላል?»

«ሕጉ የአጎትሽን ልጅ እንኳ ማግባት ይፈቅድልሻል» አለኝ። ክፍሉ ሙሉ ጉድ አለ። እሱም ደንግጦ ፈገግ አለና፣ «የናንተ ግን መልካም ልማድ ነው። ከፈለግሽ ጠብቂው» አለኝ።

ከፈለግሽ! እህቶቼ፣ «ክልክል ነው» ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። አያቶቼ ስንቱን ፍቅር ያፈረሱበት፣ ስንቷን ልጃገረድ ያስለቀሱበት ነገር፣ እዚህ እንደ ሻይ ስኳር ሆነና «ከፈለግሽ» ተባለ። አውቶቡሱ ውስጥ እያብሰለሰልኩ መውረጃዬን አለፍኩት። ሰው የፈለገውን ደግነት እየመረጠ መያዝ ከቻለ፣ ደግነት የሚባለው ነገር የት ቀረ? የኔ ሰባት ነው፣ የጎረቤቴ ሁለት፣ የሌላው ዜሮ፤ ሁላችንም ልክ ነን?

ግን አልዋሽም፣ ያቺ «ከፈለግሽ» ትጣፍጠኝም ነበር። እኔ ራሴ በአሥራ አምስት ዓመቴ ስዳር አባቴ ቆጥሮ አጥርቶ ነው። ሰባቱ ቤት እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ። ያ ሰባት ቤት የጠራ ሰው ሦስት ዓመት በዱላ ሲደበድበኝ ኖረ። «ምን ትፈልጊያለሽ?» ያለኝ ሽማግሌ አልነበረም። አባቴ ነው አንድ ጠዋት በቅሎ ስቦ መጥቶ «ውጪ» ብሎ የወሰደኝ። ናታንያ ግን ፀጉሬን እንዴት ልሥራ፣ የት ልሥራ፣ ማንን እምቢ ልበል፣ ሁሉን ራሴ ነኝ የምወስነው። ይህን ለቀመሰ ሰው መልሶ መትፋት ከባድ ነው።

ሥራዬ አሮጊት መንከባከብ ነው፤ መሀል ከተማ፣ ከአደባባዩ ጀርባ። ማዛል ትባላለች፣ ከማሮኮ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት። «ቢንቲ» ነው የምትለኝ፣ ልጄ ማለት ነው በነሱ አፍ። ዓርብ ዓርብ የሠራችውን ዓሣ በሰሐን ታስይዘኝና ከፎቅዋ በታች ላለችው ጎረቤቷ እንዳደርስ ትልከኛለች። ከዚያች ጎረቤት ጋር ደግሞ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። «ማን ላከው ብትል ዝም በይ። ብትሰድበኝም ዝም በይ። ሰሐኑን ብቻ መልሺ» ትለኛለች። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

አንድ ቀን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባሏን ፎቶ ስወለውል፣ «መልካም ሰው ነበር፤ የአጎቴ ልጅ ነው» አለችኝ።

«የምን አጎት?»

«የአባቴ ወንድም ነዋ።»

መወልወሌን ተውኩ። «የአጎትሽን ልጅ አገባሽ?»

«አዎ። ምነው? ያንቺ ቤት ማንን ታገባላችሁ፣ ጠላት?»

«በኛ ይህ ነውር ነው፣ ሳቭታ!» ብዬ አመለጠኝ፤ ሳቭታ አያቴ ማለት ነው።

«ማን ነው ነውር ያለው?»

«አባቶቻችን።»

«ለኔ የፈቀዱትስ እነማን መሰሉሽ? አባቶቻችን» አለችና እስክታስላት ሳቀች። «በይ ፎቶውን ጥረጊው፣ የአጎቴ ልጅ አቧራ አይወድም።»

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ማዛልን ልጸየፋት ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ደጓ እሷ ናት።

ስንዱ በዚህ መሀል አደገች። ወታደርነቷን ጨረሰች፣ ነርስነት መማር ጀመረች። ዕብራይስጧ እንደ ውሃ፣ አማርኛዋ እየሳሳ ነው። ሲደላት «እቴቴ» ትለኛለች፣ ሲከፋት «ዶዳ»፣ በነሱ ቋንቋ አክስት ማለት ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሲሆናት አንድ ዓርብ «እቴቴ፣ የማስተዋውቅሽ ሰው አለ» አለችኝና ዳዊትን ይዛ መጣች። ወላጆቹ በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው፤ ልጁ እዚሁ ናታንያ የተወለደ። ረጅም፣ ዓይናፋር፣ የበላበትን ሳህን ተነስቶ የሚያጥብ። ወደድኩት። ስንዱ እሱን ስታይ ፊቷ ላይ የሚሆነውን ዘነበች ፊት ላይ አይቼው አላውቅም፤ የኔ ፊት ላይማ ማን ሊያየው።

የዳዊት አባት እሱባለው «ልጆቹ ይቆጠሩ እንጂ» አለ። ዓርብ ጠዋት ሳሎኔ ሞላ። ቆጣሪው አባ ነጋ ናቸው፣ ሰባውን ያለፉ፣ ሱዳን በረሃ ላይ ሁለት ልጅ የቀበሩ ሽማግሌ።

«ሴት ስትቆጥር ሰምቼ አላውቅም» አሉ ሲያዩኝ። «የአያ አለሙ ልጅ ከሆነች ግን ትቁጠር። አለሙን አውቀዋለሁ፣ ቃሉ አንድ ነው።»

ስንዱና ዳዊት ወጥ ቤት ናቸው፤ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። አባ ነጋ በዳዊት በኩል ቅርንጫፉን ሁሉ አዳረሱ፣ ሰዓታት ፈጀ። በመጨረሻ ወደ አያቱ ወደ ጥሩዬ ዘር ዞሩ። «ዳዊትን እሱባለው፣ እሱባለውን ጥሩዬ፣ ጥሩዬን መኮንን፣ መኮንንን አየለች፣ አየለችን ካሴ፣ ካሴን አድና። አድና የጠለምቷ ናት፤ ከተራራው ወዲያ ማዶ የመጣች ይሏታል፣ ዘሯን የሚያውቅ የለም።»

አባቴ እንዳትረሺ ያለኝ ስም ነው። ተራዬ ደረሰ። «ስንዱን ዘነበች፣ ዘነበችን አለሙ፣ አለሙን ገብሩ፣ ገብሩን ተሰማ፣ ተሰማን ብሩ፣ ብሩን እንጉዳይ።» በኛም ስድስት፣ በነሱም ስድስት። አንዲት ሴት፣ ከሁለት በኩል የተደረሰባት።

አባ ነጋ አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አስደግፈው አዩኝ። «እንጉዳይ ሌላ ባል አላገባችም?»

ከወጥ ቤት የስንዱ ሳቅ መጣ።

«አላውቅም» አልኩ።

«ጠርቷል!» አሉ አባ ነጋ። እልል ተባለ። እኔም እልል አልኩ፤ ድምፄ ከኔ ሳይሆን ከጎረቤት የመጣ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍም ምግብም ራቀኝ። ራሴን አሳምን ነበር። ደግ ነው ያደረግሁት፣ ልጅቷን ከእንባ አዳንኩ፣ ሕጉ ይፈቅዳል፣ ራቢውም ከፈለግሽ ብሏል፣ እኔም አልፈለግሁም። ታዲያ ምን ሆኜ ነው የአባቴን ስልክ ሳየው የምሸሸው?

ማዛል ክሳቴን አየችና አስለፈለፈችኝ። ስለ ጋብቻው ስነግራት ሳቀች። «ስድስተኛ አያት! እኛ ቤት ይህ ባዕድ ነው፤ ሙታር፣ ሙታር።» ስለ «አላውቅም» ስነግራት ግን ሳቋ ጠፋ። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሽማግሌው ቤትሽ ተቀምጠው፣ አምነውሽ፣ ዓይንሽን እያዩ ጠየቁሽ?»

«አዎ።»

«ዋሸሻቸው?»

«ለልጄ ብዬ እኮ ነው።»

«ቢንቲ፣ ይህ እኛም ቤት ነውር ነው።»

ተመልከቱ እንግዲህ። ስለ ጋብቻው እኔና ማዛል ሰማይና ምድር ነን። ስለዚህኛው ግን የሷም አባቶች የኔም አባቶች አንድ አፍ ናቸው። ለየራሳችን የምንመርጠው ብዙ ነው፤ ከሥሩ ግን ማንም ያልመረጠው አንድ ድንጋይ አለ መሰለኝ። እርግጠኛ ነኝ አልልም፤ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን እግሬ የነካው እሱን ነው።

ሠርጉ አንድ ወር ሲቀረው፣ ከሰዓት፣ ባሕሩን ከላይ ከሚያሳየው አግዳሚ ወንበር ላይ ለስንዱ ነገርኳት። እንጉዳይን፣ አድናን፣ «አላውቅም»ን። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አየችኝ።

«ዶዳ፣ ነገሩ ክፉ ነው ብለሽ ታምኛለሽ?»

«እንጃ ልጄ። አባቴ ክፉ ነው ይላል። ማዛል አይደለም ትላለች።»

«እነሱን አልጠየቅኩም። አንቺን ነው።»

«እኔማ አንቺ ደስ እንዲልሽ ነው።»

«እኮ! ክፉ ከሆነ ልትከለክዪኝ ይገባ ነበር፣ እንጣላ ነበር። ክፉ ካልሆነ ደግሞ ለሽማግሎቹ ተናግረሽ ከጎኔ ትቆሚ ነበር። አንቺ ሁለቱንም አላደረግሽም። ደበቅሽ።» እንባዋ መጣ። «ሁሉም ሰው እንደመሰለው የሚኖር መስሎሽ፣ እኔም ልክ የሌለኝ መስዬሽ ነው? እኔ የምመርጠው ልክ የለም ብዬ አይደለም። ልኩን ፈልጌ፣ ያገኘሁትን ሰው ፊት ቆሜ ልናገረው ነው። ከደበቅኩትማ መምረጥ አይደለም፣ መስረቅ ነው።»

እኔ ያሳደግኋት ልጅ ናት ይህን የምትለኝ። አፈርኩም፣ ኮራሁም፤ የቱ እንደበለጠ አሁንም አልለየሁም።

ለዳዊት ነገረችው። ዳዊት «እኔ ያው ነኝ» አላት። በሚቀጥለው ዓርብ ሁለቱም አባ ነጋ ዘንድ ሄዱ፤ እኔም ተከትዬ ሄድኩ፣ መሬት ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። አባ ነጋ አልጮሁም።

«ሰባቱን የቆጠርነው ደም ፈርተን ብቻ መሰለሽ?» አሏት ስንዱን። «ሩቅ መንደር ሴት እየሰጠን፣ ሩቁን ሰው ዘመድ እያደረግን ነው የኖርነው። ሰው ለራሱ ሲመርጥ የሚመርጠው የቅርቡን ነው።»

«አባ» አለች፣ በዚያ በሳሳው አማርኛዋ። «እኔ ካያዬ ተለይቼ ነው ያደግሁት። እዚህ ሁሉም ሩቅ ነው። የቅርቤ ሆኖ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።»

«አልረግማችሁም። ሠርጋችሁ ላይ ግን አልቀመጥም። እኔም ያመንኩትን እንዳንቺ ሰው ፊት ልናገረው» አሉ። ለእኔ ምንም አላሉኝም፤ እስከ በር ሸኙን።

ለአባቴ የደወልኩት በዚያው ቀን ነው። ስልኩን ባንቻየሁ አነሳችና ሰጠችው። ድምፁ ቀጥኗል። ሁሉን ነገርኩት። መስመሩ ውስጥ ነፋስ የሚነፍስ ይመስላል።

«አባዬ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማለሁ።»

«አደራህን በላሁ። እንደመሰለኝ አደረግሁ።»

«እንደመሰለሽ» አለ። ከዚያ፣ «እኔም እዚህ የቀረሁት እንደመሰለኝ ነው። ሽማግሎቹ ባንቻየሁን ትተህ ከልጆችህ ጋር ሂድ ብለውኝ ነበር። ሕጉም ሂድ ነበር የሚለው። እምቢ አልኩ። እስከዛሬ...»

መስመሩ ተቆረጠ። ደግሜ ስደውል አልነሳ አለ። እስከዛሬ ምን? እስከዛሬ አልተጸጸትኩም? እስከዛሬ አላውቅም? ይህችን ግማሽ ቃል ይዤ ስንት አውቶቡስ ተሳፈርኩ መሰላችሁ።

ሠርጉ ሆነ። ማዛል በተሽከርካሪ ወንበር መጥታ ከኔ ጎን ተቀመጠች፤ የአባ ነጋ ወንበር ባዶ ነበር፣ ማንም እንዲቀመጥበት አልፈቀድኩም። ከዚያ በኋላ ጎንደር ስደውል የምታነሳው ባንቻየሁ ናት። «አባትሽ ወጣ» ትለኛለች። ሁልጊዜ ወጣ። ወረቀቷም አላለቀም፤ እነሱ እዚያው ናቸው።

በዓመቱ ስንዱ ወንድ ልጅ ወለደች፣ ኖአም አሉት። ደወልኩ፤ ባንቻየሁ አነሳች፣ «እነግረዋለሁ» አለችኝ። በሳምንቱ ራሷ ደወለችልኝ፣ ደውላ አታውቅም። አባቴ ያደረገውን ነገረችኝ፤ እንደነገረችኝ ልጻፈው።

ስሙን ሁለት ጊዜ አስጠራት፣ ኖአም፣ ኖአም። ዘንጉን ያዘና ወጣ። ተራቸውን የሚጠብቁት ሰዎች ጸሎት የሚያደርጉበት ግቢ ሄደ፤ ዓርብ ዓርብ እዚያ ለልጆች ዘር ያስቆጥራል። ልጆቹን አስቀምጦ ከላይ ጀመረ፤ ደስታ ዋሴን ወለደ፣ ዋሴ እንጉዳይን ወለደ። በብሩ በኩል ወርዶ፣ በተሰማ፣ በገብሩ፣ በራሱ፣ በዘነበች፣ በስንዱ አድርጎ ኖአም ላይ ደረሰ። ልጆቹ አለቀ ብለው ሊነሱ ሲሉ «ተቀመጡ» አላቸው። ተመልሶ ወደ ላይ ወጣና «እንጉዳይ አድናም ናት» አለ። በካሴ በኩል ወርዶ፣ በአየለች፣ በመኮንን፣ በጥሩዬ፣ በእሱባለው፣ በዳዊት አድርጎ እንደገና ኖአም ላይ ደረሰ። ልጁን ሁለት ጊዜ ቆጠረው። ልጆቹም እንዲሉት አደረገ። ከዚያ ዘንጉን ይዞ ቤት ገባና እራቱን በላ።